ከፍ ያለ መኪና ሁሉ ደኅና አይደለም
(ስለ ቮልስዋገን ሞላና ስለ ጎማ አቀማመጥ የቀረበ ትምህርት)

ሰንጋ ተራ የተባለው ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከሰንጋ በሬ ነው። ሰንጋ የሚገዛ ሰው ደግሞ የቀንዱን ማማርና የቆዳውን ማብለጭለጭ አይቶ ብቻ ገንዘቡን አይከፍልም። በሬውን ጥቂት ያስኬደዋል፤ ከኋላው ሆኖ አረማመዱን ያያል፤ ያነክስ እንደሆነም ይመረምራል። ዛሬ በሰፈሩ የሚበዛው በሬ ሳይሆን መኪና ነው። እኛ ግን መኪና ስንገዛም ሆነ ስናሠራ ቀለሙን እናያለን፤ የሞተሩን ድምፅ እናዳምጣለን እንጂ እግሩን አንመለከትም። ይህ ቸልታ ምን እንደሚያመጣ በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁ፥ ያየሁትንና ከዚያም በኋላ የተማርሁትን ለመጽሔታችን አንባቢዎች ለማካፈል ይህን ጽፌአለሁ።

የነገሩ መነሻ

አጎቴ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች አንዲት ቮልስዋገን አለቻቸው፤ ሰው ሁሉ «ቮልስ» እያለ የሚጠራት ዓይነት ናት። ሰው ሲጫንባት በየጉብታው ላይ ሆዷ መሬት እየነካ ስላስቸገራቸው፥ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዷትና «ከኋላ ከፍ አድርግልኝ» ብለው አዘዙ። ባለሙያውም የታዘዘውን ፈጸመ። መኪናይቱ ጀርባዋ ተሰቅሎ ስትመለስ ያያት ሁሉ «አማረባት፤ ጎረምሳ መሰለች» አለ።

በሐምሌ ወር አንድ እሑድ ከእንጦጦ ማርያም ስንመለስ ካፊያ ነበረ። አጎቴ ቀስ ብለው የሚነዱ ሰው ናቸው። ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ፥ በአንዱ መታጠፊያ ላይ እንጨት የተጫነች አህያ ድንገት ብቅ አለች። አጎቴ እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሥተው መሪውን ጠመዘዙ። ያን ጊዜ የመኪናይቱ ጀርባ ከመሬት ሊነሣ እንደሚፈልግ ሁሉ ብድግ አለ፤ ጭራዋም ወደ ውጭ ሸሸ፤ ዞረን የመጣንበትን መንገድ እያየን፥ ከውሃ መውረጃው ቦይ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረን ቆምን። ማንም አልተጎዳም። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት ሁለቱ ትንንሽ የአጎቴ ልጆች ግን ቤት እስክንገባ ድረስ ቃል አልተነፈሱም።

አጎቴ ጥፋቱን በጎማው ላይ ጣሉት። ነገር ግን ጎረቤታቸው የሆኑ አንድ ሽማግሌ ነገሩን ሰምተው መጡ። እኚህ ሰው በ1934 ዓ.ም. በተቋቋመው በተግባረ እድ ትምህርት ቤት የአውቶሞቢል ጥገና ተምረው ዕድሜያቸውን በዚሁ ሥራ ያሳለፉ ናቸው። ከመኪናይቱ በስተኋላ ጎንበስ ብለው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፥ «ልጄ፥ ና እይ። በድንጋይ ላይ እግሯን ሰብስባ የቆመች ፍየል አትመስልም?» አሉኝ። በእርግጥም የኋላዎቹ ጎማዎች ከላይ ተራርቀው ከታች ተቀራርበው ነበር። ትምህርቱ የተጀመረው ከዚህ ነው።

1ኛ፤ መኪናይቱና ዘመዶቿ

ቮልስዋገን በጀርመንኛ የሕዝብ መኪና ማለት ነው። ይህችን ትንሽ አውቶሞቢል የነደፏት ፈርዲናንድ ፖርሽ የተባሉት መሐንዲስ ሲሆኑ፥ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ አገር እስክትሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚበርደውም በውሃ ሳይሆን በአየር ነው።

ከእርሷ የተወለዱ ትንንሽ የስፖርት መኪናዎችም አሉ። አንደኛዋ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 የተሠራችው ካርማን ጊያ ናት። ሁለተኛዋ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1965 የተሠራችው ፖርሽ 356 ናት። ገላቸው ዝቅ ያለና ያማረ ቢሆንም የእግራቸው አሠራር ከቮልስ የመጣ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገረው ለእነርሱም ይሆናል።

2ኛ፤ ሞላና አሞርዛተር

ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ነገር ያደርጋቸዋል፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ሞላ የመንገዱን ምት ተቀብሎ በውስጡ ያኖራል፤ የተቀበለውንም መልሶ ይሰጣል። አሞርዛተር ደግሞ ሞላው የሚመልሰውን ኃይል በውስጡ ባለው ዘይት እያዳከመ መኪናይቱ ደጋግማ እንዳትዘል ይከለክላታል። ሞላ ብቻ ቢኖር መኪናው እንደ ኳስ ይነጥር ነበር።

በትልልቅ የጭነት መኪናዎች ሥር የምናየው ሞላ ባሌስትራ ነው፤ ይኸውም እርስ በርሱ የተደራረበ የብረት ምላስ ነው። የቮልስ ሞላ ግን እንደ ባሌስትራ የሚታጠፍ ሳይሆን የሚጠመዘዝ ነው። የታጠበ ልብስ ስንጨምቅ አንዱን ጫፍ ይዘን ሌላውን እንደምናዞር፥ የብረቱ አንዱ ጫፍ ከመኪናው ጋር ታስሮ ሌላው ጫፍ በጎማው ክንድ ይጠመዘዛል። ብረቱ ወደ ቀድሞ መልኩ ለመመለስ የሚያደርገው ትግል መኪናይቱን ተሸክሞ ይይዛታል። ከፊት በሁለት ቱቦዎች ውስጥ የተደረደሩ ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ፤ ከኋላ ግን በየጎኑ አንድ አንድ ድቡልቡል የብረት ዘንግ ነው ያለው።

3ኛ፤ ሦስቱ አንግሎች

ጎማ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስለናል እንጂ በሦስት አንግል ተለክቶ የሚቀመጥ ነው።

የመጀመሪያው የአፍንጫ መጠጋጋት ነው። ሁለቱን የፊት ጎማዎች ከላይ ብናያቸው አፍንጫቸው ጥቂት ወደ ውስጥ ያዘነበለ ይሆናል። ለቮልስ የሁለቱ ድምር ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው። ከዚህ ሲበዛ ጎማው እየተንከባለለ ብቻ ሳይሆን እየተጎተተም ይሄዳል።

ሁለተኛው የጎማ ዝንባሌ ነው። ከፊት ወይም ከኋላ ሆነን ስናይ ጎማው ከላይ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ማዘንበሉ ነው። ፍየሏን የመሰለችው የአጎቴ መኪና በዚህ አንግል የታመመች ነበረች።

ሦስተኛው ጎማው ለመዞር የሚመረኮዝበት ምሰሶ ወደ ኋላ ማጋደሉ ነው። የብስክሌት ሹካ ቀጥ ብሎ ያልቆመው ለዚህ ነው። ይህ አንግል ሲኖር መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ ወደ ቀጥታ ይመለሳል፤ ሲጠፋ ግን መኪናው በቀጥታ መንገድ ላይ ይቅበዘበዛል።

4ኛ፤ የሚወዛወዘው አክስል

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በአጎቴ መኪና ውስጥ የኋላው አክስል አንድ ወጥ አይደለም። ከካምቢዮው ግራና ቀኝ እንደ ወፍ ክንፍ የሚወዛወዙ ሁለት ግማሽ አክስሎች አሉ። እያንዳንዱ የሚታጠፈው ከካምቢዮው አጠገብ በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጎማው ደግሞ በጫፉ ላይ ሳይላላ ተተክሏል። እንግዲህ ወፍ ክንፏን ወደ ታች ስታደርግ የክንፏ ጫፎች እንደሚቀራረቡ፥ የመኪናይቱ ጀርባ ከፍ ሲል ጎማዎቹ ከታች ይቀራረባሉ። ቁመትን ሳይሆን ዝንባሌን ብቻ፥ ወይም ዝንባሌን ሳይሆን ቁመትን ብቻ መለወጥ በዚህ አሠራር አይቻልም።

ምን ያህል እንደሚለወጥ እናስላ። ስሌቱ እንዲቀልልን የግማሽ አክስሉን ርዝመት 60 ሴንቲ ሜትር እንበል። ጀርባው በ6.3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል፥ 6.3 ለ60 ሲካፈል 0.105 ይሆናል። በታንጀንት ሰንጠረዥ ላይ ይህ ቁጥር የ6 ዲግሪ ነው። ስድስት ዲግሪ ለጎማ እጅግ ብዙ ነው።

በመታጠፊያ ላይ የሚሆነውም እንዲህ ነው። መሬቱ የውጭውን ጎማ ወደ መታጠፊያው ውስጥ ይገፋዋል። የአክስሉ መታጠፊያ ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ፥ ያ ግፊት ጎማውን ከመኪናው ሥር እየከተተ ጀርባውን ወደ ላይ ያነሣል። ጀርባው በተነሣ ቁጥር ጎማው ይበልጥ ይገባል፤ ጎማው በገባ ቁጥር ጀርባው ይበልጥ ይነሣል። በመጨረሻ ጎማው በጠርዙ ብቻ ቆሞ መሬቱን ይለቃል። ሾፌሩ በድንጋጤ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሣ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ፥ የቀለለው ጀርባ ለመነሣት ይቸኩላል። በእንጦጦ መንገድ የደረሰብን ይህ ነው። አጎቴ በፍጥነት አልነዱም፤ የአህያይቱም ጥፋት አልነበረም። መኪናይቱ ገና ከጋራዥ ስትወጣ ለመውደቅ ተዘጋጅታ ነበር።

ይህ የአንድ መኪና ታሪክ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1963 የወጡት የሸቭሮሌ ኮርቬር ሞዴሎች በዚህ ዓይነት አክስል የተሠሩ ስለ ነበሩ፥ ራልፍ ናደር እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ መኪና ደኅንነት ባወጡት መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የጻፉት በእነርሱ ላይ ነው። ፖርሽም ሱፐር 90 በተባለው የ356 ሞዴል ላይ ከኋላው አክስል ሥር ተጨማሪ ሞላ አስገብቶ ነበር። ቮልስዋገንም ለ1967 ሞዴል የሚረዳ ዘንግ ጨመረ፤ በኋላም ለአንዳንዶቹ ሞዴሎች በሁለት ቦታ የሚታጠፍ አክስል ሰጣቸው። የአጎቴ መኪና ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የተሠራች ናት።

5ኛ፤ የ40 እና የ44 ጥርስ ጥበብ

ባለሙያው መኪናይቱን ከፍ ያደረገው በምን መንገድ ነው? የኋላው ዘንግ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ጥርስ አለው። በውስጠኛው ጫፍ 40፥ በውጭኛው ጫፍ 44 ጥርስ ይገኛል። የውስጡን በአንድ ጥርስ ብናዞር 360 ለ40 ተካፍሎ 9 ዲግሪ ይሆናል። የውጭውን በአንድ ጥርስ ብናዞር 360 ለ44 ተካፍሎ 8 ዲግሪ ከ11 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ከዘንጉ እስከ ጎማው ያለው የብረት ክንድ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፥ 9 ዲግሪ ማለት ጎማው ዘንድ 6.3 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ባለሙያው የውስጡን አንድ ጥርስ ብቻ አዞረ፤ «ትንሽ» የመሰለው ነገር ግን 6 ዲግሪ ዝንባሌ ሆነ።

ታዲያ መሐንዲሶቹ ስለ ምን ሁለቱን ጫፎች በእኩል ጥርስ አልሠሯቸውም? የውስጡን አንድ ጥርስ ወደ ፊት፥ የውጭውን አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ብናዞር የሚቀረው ልዩነት 49 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ይኸውም ጎማው ዘንድ ከ6 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። እንዲህ በሁለት ሻካራ መለኪያዎች ልዩነት አንድ ረቂቅ መለኪያ ይገኛል። በፊዚክስ ክፍል የምንይዘው ቬርኒየርም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ይህን ሳውቅ በክፍል ውስጥ ያሰለቸኝን የክፍልፋይ ስሌት ይቅርታ ልጠይቀው ቃጣኝ።

ይሁን እንጂ ተማሪ ሆኖ ይህን ሥራ በእጁ ለመሞከር የሚያስብ ቢኖር እለምነዋለሁ፤ ይተው። ክንዱ ከማቆሚያው ሲለቀቅ በተጠመዘዘው ዘንግ ኃይል ተፈናጥሮ እጅ ሊሰብር ይችላል። መፍታት የባለሙያ ነው፤ መለካት ግን የማንኛችንም ነው።

6ኛ፤ በጣውላና በቱንቢ መለካት

ሽማግሌው በአጎቴ ግቢ ውስጥ ያሳዩን አለካክ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች፥ አራት ጡቦች፥ አንድ ሜትር፥ አንድ ቱንቢና ጠመኔ ብቻ ይበቃል።

ሀ) መኪናውን በደልዳላ መሬት ላይ አቁም። የአራቱንም ጎማ አየር በመመሪያው መሠረት አስተካክል። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የቮልስ የኋላ ጎማ ከፊቱ የበለጠ አየር ይፈልጋል።

ለ) የፊቱን ጎማ በክሪክ አንሣና፥ ሌላ ማቆሚያ ከሥሩ ካስገባህ በኋላ፥ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቅ፤ ቀጥሎም ከግራና ከቀኝ። ቢንቃቃ ኩሽኔታው ወይም የመሪው መጋጠሚያ አልቋል ማለት ነው። የላላ መጋጠሚያ ሳይለወጥ አንግል መለካት በሚነቃነቅ ገበታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር እንደ ማስመር ይቆጠራል።

ሐ) መኪናውን አውርደህ፥ ሞላው ወደ ቦታው እንዲመለስ ጥቂት ወደ ኋላና ወደ ፊት ግፋው። መሪውን አቅና። ጣውላዎቹን በጡብ ላይ አኑረህ ከሁለቱ የፊት ጎማዎች የውጭ ጎን ጋር አስጠጋ። ከጎማው መካከል 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት፥ 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ በጠመኔ ምልክት አድርግ። ሜትሩን ከመኪናው ሆድ በታች አሳልፈህ በሁለቱም ምልክቶች ላይ በጣውላዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ለካ። የፊቱ ከኋላው በ9 ሚሊ ሜትር ያህል ቢያንስ ግማሽ ዲግሪ ነው፤ የግማሽ ዲግሪ ሳይን 0.0087 ነውና።

መ) ለዝንባሌ፥ ቱንቢውን ከፓራፋንጎው ላይ በጎማው ጎን አንጠልጥል። ከክሩ እስከ ቸርኬው የላይኛው ጠርዝና እስከ ታችኛው ጠርዝ ለካ። ቸርኬው 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፥ 7 ሚሊ ሜትር ልዩነት ማለት 1 ዲግሪ ማለት ነው።

ሠ) የለካኸውን ሁሉ ጻፍ። ያልተጻፈ ልኬት ያልተለካ ነው።

እኛ ስንለካ የኋላው ዝንባሌ 45 ሚሊ ሜትር፥ ማለት ከ6 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኘ። ከፊት ደግሞ የአፍንጫው መጠጋጋት 9 መሆን ሲገባው 22 ሚሊ ሜትር ነበረ። ይህም ማለት እያንዳንዱ የፊት ጎማ በአንድ ሜትር ጉዞ 11 ሚሊ ሜትር፥ በአንድ ኪሎ ሜትርም 11 ሜትር ወደ ጎን ይጎተታል ማለት ነው። አጎቴ ጎማቸው ስለ ምን ቶሎ እንደሚያልቅ ለብዙ ጊዜ ሲያማርሩ ኖረው ነበር። መልሱ በጣውላው ላይ ተጽፎ አገኙት።

ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ታወቀ። የፊትና የኋላ ጎማዎች ርቀት 240 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፥ ጀርባው በ6 ሴንቲ ሜትር ሲነሣ መኪናይቱ ሁሉ ወደ ፊት በአንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ ትደፋለች። በዚያው መጠን የመሪው ምሰሶ ወደ ኋላ ማጋደሉን ያጣል። ከኋላ የተነካው ከፊት ታመመ ማለት ነው።

7ኛ፤ ማሻሻል ማለት ምንድር ነው?

ሽማግሌው ቀጥለው የመኪናይቱን አራት ማዕዘኖች በእጃቸው አንድ በአንድ ተጭነው ለቀቁ። ደኅና አሞርዛተር ያለው መኪና አንድ ጊዜ ተነሥቶ ይቆማል። የአጎቴ መኪና ከኋላ አራት ጊዜ ዘለለች። እንግዲህ ሆዷ መሬት ይነካ የነበረው ቁመቷ አጥሮ አልነበረም፤ አሞርዛተሯ ስለ ሞተ በየጉብታው ላይ እስከ ታች እየወረደች ነበር። በሽታው አንድ፥ የተሰጠው መድኃኒት ሌላ!

ከዚያ በኋላ የተደረገው ይህ ነው። አራቱም አሞርዛተሮች ተለወጡ። ያለቁት የመሪ መጋጠሚያዎች ተተኩ። ባለሙያ የኋላውን ዘንግ ወደ ቀድሞው ቦታ መለሰና፥ በ40 እና በ44ቱ ጥርስ ዘዴ ሁለት ጊዜ አዙሮ ከበፊቱ በ1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ አደረገው። የኋላው ዝንባሌ ከ45 ወደ 10 ሚሊ ሜትር ወረደ። የመሪውን ዘንግ ማጥበቂያ ዳዶ ፈትቶ ዘንጉን በማዞር የፊቱን 22 ወደ 9 አመጣው። ይህ ሁሉ ሲሆን በየደረጃው እየለካን ጻፍን።

በካርማን ጊያ ወይም በሌላ ትንሽ የስፖርት መኪና በፍጥነት ለመሄድ የሚፈልግ ሰውም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። መጀመሪያ ያለቀውን መተካት፤ ሁለተኛ ጥሩ አሞርዛተርና በአራቱም እግር አንድ ዓይነት ጎማ ማድረግ፤ ሦስተኛ ከፊት ወፈር ያለ ማዘንበልን የሚከለክል ዘንግ፥ ከኋላ ደግሞ አክስሉ ከመጠን በላይ እንዳይወርድ የሚይዝ ሞላ መጨመር፤ በመጨረሻም አንግሎቹን ሁሉ እንደገና መለካት ነው። ቁመትን ዝቅ የሚያደርግም ቢሆን ይህን ሕግ አያመልጥም፤ ጎማዎቹ በዚያኛው አቅጣጫ አዘንብለው በውስጥ ጠርዛቸው ያልቃሉና።

መደምደሚያ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፥ ይህ ትምህርት ያረጀ የሚመስለው አንባቢ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን በአራት ጎማ ይሄዳል፤ ሞላ አለው፤ አንግል አለው። አሮጌዎቹም ቢሆኑ ገና ልጆች አሳፍረው ከእንጦጦ ይወርዳሉ።

ያንን የጋራዥ ባለሙያ ለመውቀስ አልጻፍሁም፤ ያዘዙት አጎቴ ናቸው፤ መኪናይቱንም ከፍ ብላ ስትመለስ «አማረባት» ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። ሁላችንም የጎደለን አንድ ነገር ነበር፤ ከመለወጥ በፊት መለካት።

በጥቅምት ወር በዚያው መንገድ እንደገና ወረድን። መታጠፊያው ዘንድ ስንደርስ ከልጆቹ ታናሽየው የወንበሩን ጀርባ ጨብጦ ያዘ። መኪናይቱ ግን እንደ ሌላው መንገድ ሁሉ ዞራ አለፈች። አጎቴ በመስተዋቱ ልጁን አይተው፥ «አይዞህ፥ አሁንስ እግሯን ዘርግታ ነው የምትሄደው» አሉት። ልጁም እጁን ከወንበሩ ላይ አነሣ።